ከዜሮ ይቆጠራል

ፈርዋንያ፣ ከሌሊቱ ስድስት። የካውያ ቤቱ መብራት ጠፍቷል፤
የእንፋሎቱ ሽታ ግን ጨርቁን ለቅቆ ፀጉሬ ውስጥ ገብቷል።
ስልኬ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ፊደል ይውጣል፤
ቅንፍ ከፍቼ ስጽፍ፣ መዝጊያው የት እንደገባ ይጠፋል።

አንደኛው መልመጃ «ዝርዝር ሥሪ» ይላል።
እሱስ ምን ይከብዳል!
ቀኑን ሙሉ ዝርዝር በእጄ ላይ ይውላል፦
ዲሽዳሻ ሰባት፣ ሱሪ ሦስት፣ አባያ ሁለት፣
አንድ የሕፃን ቀሚስ፣ ቁልፉ የጠፋበት።
በቅንፍ አጥሬ በኮማ ለየሁት፤
«ትክክል» አለ ስልኩ።
ይህን ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ወሩ!

ሁለተኛው፦ «የመጀመሪያውን አውጪ»።
አንድ ብዬ ብጠራ ሱሪው ብቅ አለብኝ፤
ቢጁ፣ ሒሳብ ያዡ፣ በትከሻዬ አይቶ ሳቀብኝ።
«ከዜሮ ነው» አለኝ በሰባራ አረብኛው፣
«ከዜሮ ይቆጠራል፤ አንድ ማለት ሁለተኛው።»

ባዶ ይመስለኝ ነበር ዜሮ፣ የሌለ ነገር ስም፤
ለካስ መቀመጫ ነው፣ ከሁሉ የሚቀድም።
እኔም ለአምስት ታናናሾች፣ ለነአንሙት፣ ለነይርጋ፣
ዜሮ ሆኜ ነው የወጣሁ፣ ከመርሳ፣ ገና ሳይነጋ።

«ከቁጥሮቹ ትልቁን ፈልጊ» ይላል ደግሞ አራተኛው።
የአልጋ ኪራይ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ የደላላው ዕዳ፤
ማሽኑ አስቦ ሳይጨርስ እኔ አውቄዋለሁ የቱ እንደሚጎዳ።

ስድስተኛው እንቅልፍ ነሳኝ።
ሀ የሚባል ዝርዝር ሠራሁ፤ «ለ እኩል ነው ሀ በይ» አለኝ፤
ቀጥሎ ከለ አንድ አጥፊ። አጠፋሁ። ሀን ብከፍት
ከሱም ላይ ጠፍቷል፣ እጄ ሳይደርስበት!
«ቅጂ አይደለም» አለ ቢጁ፣ ሻዩን እየነፋ፣
«ስም ነው የጨመርሽው። ዕቃው አንድ ነው፤ ከአንዱ ከጠፋ ጠፋ።»

ፓስፖርቴ ላይ ፈቲያ ነኝ፣ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፤
መርሳ ላይ ትሁኔ ነኝ፣ የአራት ዓመት ታናሽ ለዚያች ሴት።
ደላላው ነው የሰየመኝ፣ አንድ ከሰዓት ፎርም ሲሞላ፤
ሁለት የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ ፈቲያ ስትሰደብ የማይሰማት ሌላ።
ካውያው የፈቲያን ክንድ ባቃጠለ ዕለት
ጠባሳው ትሁኔ ላይ ወጣ።
ስም ቢበዛ ቆዳው ያው ነው።

ሰባተኛው፦ «በዝርዝሩ እየተራመድሽ ጎዶሎዎቹን አጥፊ»።
አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት። ጽፌ አስኬድኩት።
አንድ ጠፋ። አምስት ጠፋ። ሦስት ቁጭ ብሏል፣
ማንም እንዳልጠራው ሰው።
ቢጁ በደረሰኝ ጀርባ ሣጥን ሣጥን ሣለ፦
«አንድ ሲወጣ ሦስት ተንሸራቶ ቦታውን ያዘ፤
እግሩ ግን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄድ፣ ያለፈውን አያይም።
ስህተት ነው። በቅጂው ላይ ተራመጂ።»

አልመለስኩለትም።
ያን ሌሊት አሰብኩ፣ ወረቀት ጠያቂዎቹ የመጡበትን፤
አልጋ በአልጋ፣ ከበሩ ጀምሮ።
ሰዓዳ በር ጥግ ነበረች፤ እሷን አወጧት፣
አንድ እግሯ ጫማ ሳያገኝ።
እኔ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከአልጋዬ ወርጄ
እሷ በለቀቀችው ሙቀት ላይ ተቀመጥኩ።
ሰውየው የኔን አልጋ ባዶ አየ፣ አለፈ፣
ሦስተኛዋን ቀሰቀሰ።
ያየውን አልጋ ደግሞ አላየም።

መልመጃውን አርሜ ላክሁ፤ ስድስት ብቻ ቀረ፤ «ትክክል» አለኝ።
የተሳሳተውን ግን አላጠፋሁትም፤
ሙሉ ቅጂ አውጥቼ፣ ስም ብቻ ሳይሆን ቅጂ፣
«ሰዓዳ» ብዬ አስቀመጥኩት።

ጠዋት ዲሽዳሻ ቆጠርኩ፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት… ስድስት።
ስድስት ብዬ ጻፍኩ።
«ሰባት ነበር ያመጣሁት፣ አንዱ የት ገባ?» ጮኸ ባለቤቱ።
ቢጁ ከመሳቁ ብዛት ባንኮኒው ሥር ገባ።
እኔም በአማርኛ፣ ልብሱን እያቀበልኩ፣
«አልጠፋም ጌታዬ፤
ከሁሉ ፊት ተቀምጧል» አልኩ።